አራት ሚሊሜትር

አሰልጣኝ ተሰማ የሞቱት ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ድሬዳዋ መስኮቷን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት ነው። ከዚራ ሰፈር ባለው የጠረጴዛ ቴኒስ ክለብ ጓሮ፣ መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የብረቱ በር ከውጭ ተቀርቅሮባቸው። አስም ነበረባቸው። በሩን ሲደበድቡ መዳፋቸው ተላልጧል።

ሬሳው እንደ ወጣ ኢንስፔክተር ካልቱን ሦስቱን ሰዎች አዳራሽ አስገብታ በሩን አስዘጋች። መብራት ጠፍቶ የጣራው ማራገቢያ ቆሟል፤ አየሩ እንደ ሰው እጅ አፍ ላይ ይጫናል። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ዓይኑን የተከለው ተጫዋቿ ሉብና ላይ ነው። ወዴት ልትሄድለት!

«ጋሽ ዐብዱልዓዚዝ፣ ማን ገባ? ማን ወጣ?»

«ወላሂ ማንም!» አሉ ዘበኛው። «ግቢውን ከውጭ ቆልፌ ጥላው ሥር ተኛሁ። ውስጥ የነበሩት ሟቹና እነዚህ ሁለቱ ናቸው።»

«እርስዎስ ሲያንኮራፉ ጫት ሻጯ ፋርሒያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰምታዎታለች» አለች ካልቱን። «እንግዲህ ሁለት ቀሩ።»

ረዳት አሰልጣኙ ዘርዓብሩክ ላቡን ጠረገ። «እኔ ከቢሮ አልወጣሁም። ለሐሙሱ ውድድር የመጡትን አሥራ አራት የራኬት ላስቲኮች አንድ በአንድ ስለካ ነበር። ይኸው ዝርዝሩ። ሉብና ግን ጠዋት ከኮች ጋር ስትጨቃጨቅ ጋሽ ዐብዱልዓዚዝም ሰምተዋል። አምናም ቡድናችን በወፍራም ራኬት ከውድድር የተባረረው በእሷ ጣጣ ነው።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ አግዳሚው ላይ ተኝቼ። ያኔ መብራት ነበር፤ ማራገቢያው ሲጮህ እንኳን ጓሮ፣ አጠገቤ ያለውም አይሰማኝም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«የግል ጉዳይ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሞቷል እኮ! ምን የግል አለ?»

ሉብና አቀረቀረች። ሳቢያን ሰፈር በሲሚንቶ ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን የተማረችውን ጨዋታ መልክ ያስያዙላት ኮች ተሰማ ነበሩ። አሁን የእሳቸው ገዳይ ተብላ ልትታሰር ነው።

ካልቱን ዝርዝሩን ወደ ብርሃን ጠጋ አደረገችው። «እኔ ፒንግፖንግ አላውቅም። 1.8፣ 2.0፣ 2.2... ምንድን ነው ይሄ?»

«የላስቲኩ ውፍረት ነዋ፣ በሚሊሜትር» አለ ዘርዓብሩክ። «ስለካው ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ሆነ። ሕጉ ከአራት አይለፍ ነው የሚለው፤ እኛ ግማሹ አካባቢ ነን።»

ሉብና ቀና አለች። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ገታችው። ውሸቱን ለማውጣት የራሷንም ጉድ ማውጣት አለባት። ዝም ካለች ደግሞ በሩን የቀረቀረችው እሷ መሆኗ ነው።

«አቦ ዘርዓብሩክ! አምስት ዓመት ረዳት ሆነህ ይቺን አታውቅም?» አለች። «ኢንስፔክተር፣ ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር የስፖንጁ ብቻ ነው። ኳሷን የሚመታው ላስቲክ ከላዩ ይደረብበታል። ሁለቱን አንድ ላይ ለክቶ 2.2 ያገኘ ሰው ካለ ያሳዩኝ!»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«የእኔ 2.2 ሲለካ አራት ነጥብ ሁለት ስለመጣ። ኮች ጠዋት ለክተው ‹በዚህ ራኬት ሐሙስ አትጫወቺም› አሉኝ። እኔም ተሳደብኩ። ጸባችን ይሄ ነው። በሉ እሰሩኝ!»

ፖሊሱ ካቴናውን ነካ። ካልቱን በዓይኗ አስቆመችውና ከቦርሳዋ በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ መለኪያ አወጣች።

«ዘርዓብሩክ፣ የለካኸው በዚህ ነው?»

«አዎ፤ ክለቡ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ከአሥራ አራቱ አንዱን አነሳች። ማሸጊያው 2.0 ይላል፤ መለኪያው 3.9 አለ። ሌላ አነሳች። 1.8 ይላል፤ 3.6 ሆነ።

«አልለካህም» አለች ረጋ ብላ። «የማሸጊያውን ቁጥር ነው የገለበጥከው። ያ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ደግሞስ በምን ትለካለህ? ይህን መለኪያ ያገኘሁት ከሟቹ ኪስ ነው። አብሯቸው ተቆልፎበት ነበር።»

ካልቱን ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ከዚያው ኪስ የአምናው ዝርዝርህ ወጥቷል። አሮጌዎቹን ላስቲኮች ዕቃ ቤት ገብተው እንደገና ለክተው፣ ከየቁጥርህ ጎን ትክክለኛውን በእርሳስ ጽፈውበታል። የሉብና ራኬት ነው ያነቃቸው። አምናም ሳትለካ ገልብጠህ ቡድኑን ያስባረርከው አንተ እንደሆንክ አወቁ፤ አንተም ማወቃቸውን አወቅህ።»

«እንዳይናገሩብኝ፣ አዲሱን ዝርዝር እስክጨርስ ብዬ ነው የዘጋሁት» አለ ዘርዓብሩክ ድምፁ እየተሰበረ። «ሲደበድቡ የተናደዱ መሰለኝ...»

«የአስም መድኃኒታቸውስ፣ ኢንሄለሩ? ያነሳነው ካንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከቢሮ አልወጣሁም ያልከው አንተ ነህ፤ ሙሉውን ሰዓት ዓይንህ ሥር ነበር።»

ካቴናው የዘርዓብሩክ እጅ ላይ ገባ።

በሩ ሲከፈት ሉብና ራኬቷን ይዛ ተነሳች።

«ሐሙስ ትጫወቻለሽ?» አለቻት ካልቱን።

«በዚህ ራኬት አልጫወትም። ልክ ነበሩ።»

ወደ ጓሮ ዞረች። የዕቃ ቤቱ ብረት በር በነፋሱ ገርበብ እያለ፣ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ብላ ራኬቷን ከሥሩ ሸጎጠችው። በሩ ገጨው፤ ቆመ።