ወደ ጎርፉ የተመለሱት አሥራ ዘጠኙ

ማክሰኞ ጠዋት ድልድይ ግርጌ ሰፈር ለአርባ አንደኛ ጊዜ በጎርፍ ተዋጠ። የውሃ በር ተቆጣጣሪዋ ትርሲት ሻይዋን ፉት ብላ በመዝገቡ ላይ «ሟች አሥራ ዘጠኝ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ውሃውን ወደ ወንዙ መለሰች፣ የሞቱትን አስነሣች፣ ቤቶቹንም እንደገና በየቦታቸው አቆመች።

ይኼኛው ሰፈር ያለው ጠረጴዛዋ ላይ ነው። አምሳያ ይሉታል፤ አልጋ በሚያክል የመስታወት ገንዳ ውስጥ በብርሃን የተሠራ ግልባጭ፣ ከነወንዙ፣ ከነአጥሩ፣ ከነሰዉ። ሰዎቹ ጥላ ይባላሉ። እያንዳንዱ ጥላ የአንድን እውነተኛ ሰው የሦስት ዓመት ውሎ ተምሯል፤ ጎርፍ ቢመጣ ያ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል። አምሳያው በሰፈሩ ለሚውል ሁሉ ጥላ ያበጃል፣ ሞቱን የሚመዘግበው ግን የነዋሪውን ብቻ ነው። እውነተኛው ሰፈር ከመስኮቱ ውጭ ልብስ እያሰጣ ይጨቃጨቃል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የከተማው ኮሚቴ ከሦስት አማራጮች አንዱን ይወስናል። አንደኛው ዘር ግንብ ነው፤ ወንዙ ዳር የሚዘራና እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ራሱን እየገነባ የሚያድግ። ሁለተኛው ተንሳፋፊ መሠረት ነው፤ ውሃው ሲነሣ ቤቱም አብሮ ይነሣል። ሦስተኛው ሰፈሩን አፍርሶ ሰዉን በከተማው ዳርቻ ወዳሉ ስድስት ሕንጻዎች መበተን ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ በአምሳያው ላይ አንድ ነዋሪ እንኳ የሞተበት አማራጭ ለውሳኔ አይቀርብም። መበተኑ በመጀመሪያው ሙከራ ዜሮ አመጣ። ግንቡና መሠረቱ ግን ሃያ ሃያ ጊዜ ተሞክረው ያንኑ አሥራ ዘጠኝ ሰው ገደሉ።

የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ጋሽ ላቀው ሳያንኳኩ ገቡ።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ ባርኔጣቸውን እያወለቁ። «ማን ማን ነው የሚሞተው?»

«ማሳየት ክልክል ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ አለሁበት?»

ትርሲት መዝገቡን ከደነችው።

«ካለሁበትማ የራሴን ሞት ማን ይከለክለኛል።»

ተንሳፋፊውን መሠረት እንደገና አስጀመረችው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያው መለከት ጮኸ። ጥላዎቹ ሕፃንና ፍራሽ ተሸክመው ወደ ኮረብታው ወጡ፤ ከኋላቸው ቤቶቹ ከውሃው ጋር ተነሡ። ሁሉም በሰላም ደረሱ። ከዚያ ክብ ሠርተው ቆሙ፣ ጥቂት ቆዩ፣ አሥራ ዘጠኙም ተለይተው ወደ ውሃው ቁልቁል ወረዱ።

«ብልሽቱ ይኸውልዎ» አለች። «የዳኑት ሰዎች ናቸው ተመልሰው የሚሰጥሙት። ላጠፋው ስታገል ሦስት ሳምንቴ።»

የጋሽ ላቀው ጣት ከፊት የሚሄደው ጥላ ላይ ነበር።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«እንዲህ ነው የምራመደው?»

«ሦስት ዓመት አይቶዎታል።»

«ዋና እኮ አልችልም።»

«እሱንም ያውቃል።»

ጥላቸው ሰጠመ። ጋሽ ላቀው ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ።

«ትንሽ ወደ ኋላ መልሺው። እዚህ ጋ፣ ክብ የሠራነው ላይ። እየተቆጠርን ነው እኮ። አንዴ ቀብር ሄደን እትዬ ዘርፌን እዚያው ረስተናት ከተመለስን ወዲህ፣ እድርተኛው ሳይቆጠር ማንም ከቦታው እንዳይነሣ በቃለ ጉባኤ ወስነናል። እስቲ ቁጠሪን።»

የእድሩ አባላት ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። ኮረብታው ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነበሩ።

ትርሲት እስከዛሬ አሥራ ዘጠኙን የምትከተላቸው እስኪሰጥሙ ብቻ ነበር። አሁን የሚሄዱበትን አቅጣጫ ይዛ ወረደች። መንገዱ ወንዙ አፍ ላይ ካለው የውሃ መቆጣጠሪያ ጣቢያ፣ እሷ ራሷ ከተቀመጠችበት ክፍል ደረሰ። ውስጡ አንዲት ጥላ የወንዙን ውሃ የሚለቁና የሚያግዱትን በሮች እጀታ ይዛ ቆማለች። ባለፈው ክረምት መለከቱ ከተነፋ በኋላ ትርሲት አራት ሰዓት ሙሉ ከዚህ ክፍል አልወጣችም፤ ትኮራበትም ነበር።

«እኔ የሰፈሩ ሰው አይደለሁም» አለች። «የከተማው ሠራተኛ ነኝ።»

«እድር ገብተሻል።»

«ሲነዘንዙኝ ጊዜ፣ ዝም እንዲሉ ብዬ ነው የፈረምኩት። በሁለት ዓመት አንድ ለቅሶ ነው የመጣሁት።»

«እሱንማ ስንት ጊዜ አምተንሻል። ሐሜቱ ሌላ፣ ቆጠራው ሌላ።»

ትርሲት የመበተኑን ሙከራ ከፈተች። ከስድስቱ ሕንጻዎች ማንም አልወረደም፤ የሚሰበሰብም፣ ማን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም። ወንዙ ዳር ጣቢያው ብቻ ቀርቷል፣ ውስጡም ያችው ጥላ። ውሃው ወገቧ ደረሰ፣ ከዚያም በላይዋ ላይ አለፈ። የሟቾች ቁጥር ዜሮ ላይ እንደቆመ ነበር።

«ጥላሽን ከመለከቱ ጋር እንድትወጣ እዘዣት» አሉ ጋሽ ላቀው።

«እኔ የማላደርገውን እሷ አታደርግም።»

«እንግዲያው አድርጊዋ።»

ኮረብታው ላይ በሮቹን ከሩቅ ለማዘዝ የተሠራ ክፍል አለ፤ ዳገቱን ጠልቶ ማንም አልተጠቀመበትም። ትርሲት መቆጣጠሪያውን መፍታት ጀመረች። ጋሽ ላቀው በመስኮቱ ሰው ጠሩ። አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ስምንቱ ተሸከሙ፣ ሦስቱ አስተያየት ሰጡ። እስከ ስድስት ሰዓት በሮቹ ከኮረብታው ላይ ይከፈቱና ይዘጉ ጀመር።

አምሳያው ግን በቀላሉ አላመናትም። ትርሲት መለከቱን በጣቢያው ውስጥ ብቻ እያሰማች ዳገቱን ወጣች። ወርዳ አየች፤ ጥላዋ ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ወጣች። በአራተኛው ጥላዋ እስከ በሩ መጣችና ተመለሰች። ትርሲት ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ወጣች። በሰባተኛው ጥላዋ ተከተለቻት።

ሁለቱን አማራጮች እንደገና ሞከረች። ኮረብታው ላይ ጥላዎቹ ተቆጠሩ፣ ሞሉ፣ ተቀመጡ። ሟች ዜሮ። ግንቡም ዜሮ አመጣ፤ ግን ለመሸሽ የሚሰጠው ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው፣ የጋሽ ላቀው ጥላ ደግሞ ዳገቱን በሠላሳ ስምንት ነው የሚጨርሰው። ተንሳፋፊው መሠረት ሁለት ሰዓት ይሰጣል። እሱን ጻፈች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሪፖርቱን አገላብጦ ቀና አለ።

«መበተኑም ዜሮ ነው፤ ለዚያውም ከሁሉም ቀድሞ። ለምን ጣልሽው?»

«አንድ ሰው ሞቶበታል።»

«ዝርዝሩ ላይ የለም።»

«የለም። የፈለገውም ሰው የለም።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካከለ። «ማን ነው የሞተው?»

«እኔ» አለች ትርሲት፣ እግሯ ላይ የደረቀውን ጭቃ በሌላው እግሯ እያራገፈች። «ተንሳፋፊው መሠረት ገጽ አራት ላይ ነው።»