ባለቤቱ ያልታወቀው ሃርድ ዲስክ

ማመን የማትፈልጉ አትመኑ። እኔ ያለሁት አሰላ ነው፤ ሱቄም እዚያው ነው፤ የጎን ሱቅ ያላት ሰኪናም አለች። መጥታችሁ ጠይቋት።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ፣ ረቡዕ ዕለት ነው። ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ጭጋጉ ከጭላሎ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል፤ ዝናቡ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ያባራል። ግን ቀን ነው።

ሃኒ እባላለሁ። ከታናሽ ወንድሜ ከእዮኤል ጋር አንዲት የፎቶና የቪዲዮ ቤት አለችን። እሱ ይቀርጻል፤ ኮምፒውተሩን የሚያውቀውም እሱ ነው። እኔ ፎቶ አትማለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ያን ሳምንት እዮኤል ሰርግ ሊቀርጽ አዳማ ሄዷል። መልሱን ጨርሶ ሐሙስ ነው የሚመለሰው። እሁድ ዕለት በስልክ ተጣልተናል። ደህናውን ካሜራ ሳይነግረኝ ይዞብኝ ሄዶ... ለማይረባ ነገር። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌን አልይዝም። «ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ» አልኩና ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

አልደወለም።

ረቡዕ ጠዋት ብርዱ ልክ አልነበረውም። ሰኪና ጨርቅ ነጋዴ ናት። ስንቀጠቀጥ አየችኝና «አንቺ ሴትዮ፣ ብርድ ይገድልሻል» ብላ ከሱቋ አዲስ ቢጫ ሻሽ አምጥታ ራሴ ላይ አሰረችልኝ።

እሷ ከወጣች በኋላ ነው ፖሊሱ የገባው።

ሣጅን ደመቀ ይባላል፤ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ከኮፍያው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ከፌስታል ውስጥ አንድ ጥቁር ሃርድ ዲስክ አወጣ።

«እህቴ፣ ይሄን ትከፍቺልኛለሽ?»

«የማን ነው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሞተ ልጅ ነው።»

ሰኞ ማታ ከዴራ ወደ አሰላ በሚመጣው መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ ተገልብጧል። አንድ ወጣት ሞተ። መታወቂያ የለውም። ስልኩ መኪናው ስር ተፈጭቷል። ፊቱ... «ፊቱን ተይው» አለኝ ሣጅኑ። ሁለት ቀን ሙሉ የኔ ነው ያለ ሰው አልመጣም። ከዚህ በላይ ማቆየት ስላልተቻለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀብረዋል።

ያለ ዘመድ። ያለ ስም።

«ጃኬቱ ኪስ ውስጥ የተገኘው ይሄ ብቻ ነው» አለኝ። «ፎቶ ቢኖርበት ቤተሰቡን ፈልጌ አደርስ ነበር።»

እናቱ የሆነ ቦታ እራቱን ከድና እየጠበቀችው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«ምን ዓይነት ጃኬት ነው?»

«ጥቁር።»

ግማሹ የአሰላ ጎረምሳ ጥቁር ጃኬት ነው የሚለብሰው። ምንም አላሰብኩም።

ሃርድ ዲስኩን ሰካሁት። መብራቱ በራ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን... ምንም።

ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት። ምንም።

ሌላ ቀዳዳ ሞከርኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት። ምንም የለም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ውስጡ ቀስ ብሎ ይዞራል። እንዳልሞተ እሰማለሁ፤ ኮምፒውተሩ ግን አላውቀውም ይላል።

ሰባት ሰዓት አለፈ። ሣጅኑ አጠገቤ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ ለእዮኤል ደወልኩ።

አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ተነሳ።

«እታለም...»

እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ። ድምፁ ግን ሹክሹክታ ነበር።

«እዮ፣ ኩርፊያውን በኋላ እንጨርሰዋለን። አንድ ሃርድ ዲስክ እምቢ አለኝ።»

«እሺ።»

«የማን ነው አትለኝም?»

ቀጥታ ወደ ሥራው ገባ።

«ከኋላ ሰኪው። የፊት ለፊቱ ቀዳዳ ኃይል አይበቃውም።»

ጠረጴዛው ስር ገብቼ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ድምፅ ሰጠ። ዝርዝሩ ውስጥ ግን አሁንም የለም።

«ዲስክ ማኔጅመንት ግቢ።»

ገባሁ። የተሰኩት ዲስኮች ሁሉ እዚያ ተዘርዝረዋል፤ ይሄኛው ታች፣ ከሁሉም ስር ቁጭ ብሏል። ስም የለውም።

«መለያ ፊደል ስጪው።»

ሰጠሁት። ወዲያው ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«እሺ ልበለው?»

«እንዳትይው። እሺ ካልሽው ማንም አያገኘውም... ዝጊው። ችግሩ ገመዱ ነው። አፉ ተጣሟል። በግራ አውራ ጣትሽ ወደ ላይ ደግፈሽ ያዢው።»

አየሁት። እውነትም ተጣሟል። ዓይኔ ስር ሆኖ እኔ ያላየሁትን እሱ አየው።

«በምን አወቅክ?»

«መሰለኝ» አለ። ከዚያ ደግሞ... «ሣጅኑን ቁጭ ይበሉ በያቸው። ከመጡ ጀምሮ ቆመው ነው።»

ሣጅን አጠገቤ እንዳለ አልነገርኩትም።

«ይቀመጡ» አልኩት ሣጅኑን። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ ገመዱን ያዝኩ። መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል።

ያን ጊዜ ነው ዝናቡን የሰማሁት። ስልኩ ውስጥ ነው። ቆርቆሮ የሚመታ ዝናብ። የኛ ጣሪያ ላይ ሲበረታ ስልኩ ውስጥም ይበረታል። የኛ ሲያባራ እዚያም ያባራል።

«እዮ... አዳማ ይዘንባል?»

«አዳማ አይደለሁም።»

ሰኪና በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ማል ታቴ ሃኒ? ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ከእዮኤል ጋር እያወራሁ ነው።»

«በምን?» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። «ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ የለም እኮ። ከተማው በሙሉ ጠፍቷል።»

የራሴን ስልክ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ኔትወርክ የለም ይላል። ከስሩ ግን ጥሪው ይቆጥራል... ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ሃምሳ ሦስት።

ጆሮዬ ላይ መለስኩት።

«እዮ። የት ነህ?»

«ቅርብ ነኝ።»

«ለምንድን ነው እስከዛሬ ያልደወልከው?»

«እንዳትደውልልኝ አልሽኛ።»

ገመዱን አጥብቄ ያዝኩት።

«ሰኞ ካሜራውንና መልሱን ለሌላ ልጅ ሰጥቼ ተነሳሁ» አለኝ። «ልታረቅሽ እየመጣሁ ነበር።»

ገመዱን ለቀቅኩት። መብራቱ ጠፋ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ሰዓት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ካልተከፈተ አልሞተም። ካልተከፈተ ሐሙስ ይመጣል፤ በዚህ በር ይገባል፤ እሰድበዋለሁ፤ ይስቃል።

«ሣጅን፣ ተበላሽቷል» አልኩት። «አይከፈትም። ይውሰዱት።»

ሣጅን ደመቀ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«በቃ፣ ያለ ሰው ሊቀበር ነው» አለ። «ዕድሉ ነው። ምን ይደረግ።»

ስልኩ ውስጥ ለቅሶ ሰማሁ። ወንድሜ ሲያለቅስ ድምፅ አያወጣም፤ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚቆራረጠው። ስንት ጊዜ አባብዬዋለሁ። ያ ትንፋሽ ነው።

«እታለም... ይበርዳል። አካፋው ይሰማኛል። ሰዎቹን አላውቃቸውም።»

«እዮ፣ ተው...»

«እማዬ ታልቅስልኝ። ክፈቺው።»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ሣጅኑ ሃርድ ዲስኩን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት። ገመዱን በግራ አውራ ጣቴ ወደ ላይ ደገፍኩ። መብራቱ በራ። ጠፋ። በራ...

ተከፈተ።

ውስጡ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ፊቱን አየሁ። ይስቃል። ከፊቱ ሌላ ምንም አላየሁም፤ ዓይኔ በእንባ ተሞላ።

«እዮኤል ይባላል» አልኩ። «ወንድሜ ነው።»

ሰኪና በሩ ላይ እንደቆመች ጮኸች። በስልኩ ውስጥ ቀስ ብሎ «እሺ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ዝናቡ ብቻ ቀረ። ከዚያ ዝናቡም ጠፋ።

በሣጅኑ ሞተር ሳይክል መቃብሩ ቦታ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ሁለት ሰዎች አካፋቸውን ተደግፈው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ፊቱን አላሳዩኝም፤ እግሩን አሳዩኝ አልኩ። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ስምንት ዓመቱ ላይ ከብስክሌት ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከእድራችን ሰዎች ጋር፣ በደብራችን ቀበርነው። ሐሙስ ማለት ነው፤ እመለሳለሁ ባለበት ቀን። እማዬ ድምፅዋ እስኪጠፋ አለቀሰችለት።

ድንኳኑ ውስጥ የሚሰቀል ፎቶ ስፈልግ የእዮኤል አንድ እንኳ አጣሁ። የስንቱን ሙሽራ ሲያነሳ ኖሮ የራሱ የለውም፤ ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነው። ስለዚህ ያቺኑ ሃርድ ዲስክ ላይ የተገኘችውን ፎቶ አተምኳት። እጄ ላይ ወጥታ ሳያት ነው ሌላውን ነገር ያየሁት። ቢሆንም ሰቀልኳት። ሌላ ከየት አመጣለሁ?

ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ የሚስቅበት ፎቶ ነው። እማዬ አሁንም ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች።

«ከማን ጋር ነው እንዲህ ደስ ብሎት የሚያወራው?» ትለኛለች።

«ከእኔ ጋር ነው፣ እማዬ።»

መቼ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። የእሷ ዓይን ደክሟል፤ ከፊቱ አልፋ ከኋላ ያለውን አታይም። ሰኪና ግን አየችው። ከዚያ ወዲህ ሳሎናችን ገብታ አታውቅም።

ከእዮኤል ትከሻ ጀርባ፣ ደብዘዝ ብላ፣ ኮምፒውተር ላይ ያጎነበሰች ሴት አለች። ራሷ ላይ ቢጫ ሻሽ አስራለች። በግራ አውራ ጣቷ አንድ ገመድ ወደ ላይ ደግፋ ይዛለች።

አጠገቧ ፖሊስ ተቀምጧል። ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው።