የመምህር ኦርካይዶ ዝምታ

መምህር ኦርካይዶ በሞቱ በዘጠነኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በአንድ መቶ አርባ ትምህርት ቤቶች ቆመው ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ይህ ማንንም አያስገርምም። ጥላ መምህር፣ ማለትም ከብርሃን የተሠራ የመምህር ምስል፣ በነፃው የትምህርት ቋት ውስጥ በሺዎች ይገኛል። የፈለገ መምህር የትም ሆኖ ያለ ክፍያ ያወርደውና ክፍሉ ውስጥ ያቆመዋል።

ሰናይት በአባያ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ ተቀምጣ የቋቱን ትምህርቶች ታጠራለች። ማጥሪያ የሚሉት ማሽን ትርፍ የመሰለውን ይቆርጣል፤ እሷ ትፈርማለች። የመምህር ኦርካይዶን ትምህርቶች በሙሉ በመስከረም ፈርማ አሳልፋለች። አርባ ደቂቃ የነበረው ሃያ ስድስት ሆነ፤ አለቆቿም አመሰገኗት።

ያን ማክሰኞ፣ በታኅሣሥ፣ ከጨው ሜዳ ዳር ካለች ትንሽ ትምህርት ቤት ያሲን የተባለ መምህር ደወለ።

«እህቴ፣ ጥላ መምህራችሁ የተበላሸ መሰለኝ።»

«ምን ሆነ? ምስሉ ይንቀጠቀጣል?»

«ኧረ ምስሉስ ደህና ነው። ልጆቹ ናቸው ዝም ያሉት። ድሮ እሳቸው ሲጠይቁ ይመልሱ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን አንድም ትንፍሽ የሚል የለም።»

ሰናይት የተቆረጠውን ዝርዝር ከፈተች። ማሽኑ አንድም ቃል አልነካም። የቆረጠው ከሦስት ሰከንድ ያለፈውን ዝምታ ሁሉ ነበር። መምህር ኦርካይዶ ጠይቀው ይጠብቁ ነበር፤ አንዳንዴ አሥር፣ አንዳንዴ ሃያ ሰከንድ። አሁን ግን ጥያቄውን እንደጨረሱ ወዲያው ራሳቸው ይመልሱታል።

ዋናውን ቅጂ ብትፈልግ ቦታ ይይዛል ተብሎ ተደምስሷል፤ ያውም በእሷው ፊርማ። የቀራት ዘዴ በየጥያቄው ኋላ ባዶ ሃያ ሰከንድ መክተት ብቻ ነበር። ከተተችና ውጤቱን በዓይኗ ለማየት በአየር ጀልባ ወደ ያሲን ትምህርት ቤት ሄደች።

ጥላው ጠየቀ፤ ከዚያ እንደ ምሰሶ ደርቆ ቀረ። ዓይኑ ማንንም አያይም። ፊት የተቀመጡት ልጆች ሳቁ፤ ከኋላ ያሉት አቀረቀሩ።

«እንዲህ አልነበሩም» አለ ያሲን በቀስታ። «ጠመኔውን እያገላበጡ፣ ወደ ኋላ ወንበር እያዩ ነበር የሚጠብቁት። ‹አይዟችሁ፣ ጊዜ አለን› የሚሉ ነበር የሚመስለው።»

«እሱን ልመልሰው አልችልም» አለች ሰናይት። «መምህር፣ እስቲ ያጥፉትና እርስዎ ራስዎ ይጠይቋቸው።»

«እኔ? ስድስት ዓመት ሙሉ ማብሪያውን ከመጫን ሌላ ምን ሠርቼ አውቃለሁ?»

ቢሆንም አጠፋው። ላብ ያቸፈቸፈውን እጁን በሱሪው ጠረገና ልጆቹ ፊት ቆመ። «ግማሽና ሩብ ሲደመር ስንት ይሆናል?»

ሐዋ የምትባል ቀጭን ልጅ ከመጨረሻው ወንበር ተነሳች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ያሲን ጠበቃት። አምስት ሰከንድ አለፈ። ስምንት። ልጅቷ ጣቶቿን አየች፤ ጣራውን አየች። ሰናይት ልጅቷን ከጭንቅ የምታወጣት መሰላት።

«ሦስት አራተኛ» አለች ሰናይት።

ሐዋ አፏን ገጠመችና ቁጭ አለች።

ያሲን ወደ ሰናይት ዞረ። በፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ልትለው ነበር እኮ» አላት።

በመልሱ ጉዞ ሰናይት የማጥሪያውን መዝገብ ከሥሩ ጀምራ አነበበች። ሦስቱን ሰከንድ ማሽኑ ከራሱ አላመጣውም። የቋቱ ሠራተኞች በስብሰባና በጨዋታ ላይ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ተቀድተው ነበር። አንዱ የሌላውን መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ተለካ፤ ከዚያ ያለፈው ትርፍ ተባለ። ድምፃቸው ከተለካ ሰዎች ስም ዝርዝር ውስጥ የራሷን አገኘች።

ሐዋን ይቅርታ ልትላት ደወለች። ስልኩን ያነሳው ያሲን ነበር።

«ልጆቹ እኮ ወደ ቤት ሄደዋል፤ እስከ ነገ መጠበቅ ነው» አላት።