የሠላሳ ሰከንዱ ቆጠራ

«ትራሱን አንሳ፣ አባዬ።»

አባቷ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ወንበሩ ላይ የሶፋ ትራስ ደርቦ ተቀምጧል። መቀመጫው ከፍ ሲል መነሳት እንደሚቀል ሁለቱም ያውቃሉ።

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ!» ብሎ እየሳቀ ትራሱን ወረወረው።

የጉልበቱ መገጣጠሚያ ተበልቶ ከሥራ ከቀረ ሦስት ወሩ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በየሳምንቱ የሚሞላ ቅጽ ሰጥታዋለች። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደተነሳ ልጁ ቆጥራ ትጽፋለች። አሥራ ሁለት ከሞላ ወደ ቀለም ቅብ ሥራው ይመለሳል። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። የሕንፃው ፎርማን ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ድረስ መወጣጫው ተተክሎ ነገ ከሰዓት እንደሚጠብቀው ሊነግረው ሁለት ጊዜ ደውሏል።

ስልኳ ላይ ሰዓቱን አስነሳች። «ጀምር!»

አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ቋ አለ።

«ቁጠሪ እንጂ፣ ዳኛ!»

አምስተኛው ላይ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ስድስተኛው ላይ ቀልዱ ሁሉ ጠፋ፤ ቤቱ ውስጥ ከትንፋሹ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሰባት ብላ ሳትጨርስ ጉልበቱ ከዳው። ተንገዳግዶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲይዝ ጠረጴዛው አብሮት ተንሸራተተ። ዘላ ደገፈችው። ክብደቱ ሁሉ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

እዚህ ወለሉ ቅርብ ነው። እዚያ መወጣጫው ላይ ግን ማን ይይዘዋል? በጣም ፈራች።

«አሥራ ሁለት በዪ» አላት ወንበሩ ላይ ከተመለሰ በኋላ፣ ፊቷን ሳያይ። «የኔ እናት፣ አንድ ቁጥር እኮ ነው። ቤት ተጎልቼ ላብድ ነው።»

አባቷ እንዲህ ለምኗት አያውቅም።

«እዛ ላይ ቢከዳህስ?»

«አይከዳኝም። ሃያ ዓመት ስወጣ ስወርድ ኖሬያለሁ።»

«አሁንስ ይከዳኛል ብለህ ነው የተነሳኸው?»

የእሱ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፤ ፎርማኑ ነው። አባቷ ሊነሳ ሞከረና ተመልሶ ቁጭ አለ።

ቅጹን ሳበች። «ስድስት» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም «በሰባተኛው ሊወድቅ ነበር»። ከዚያ ስልኩን አነሳች።

«ሄሎ፣ ጋሼ። አባዬ ነገ አይመጣም።»

አባቷ ስልኩን ሊቀማት አልሞከረም።