የዘጠነኛው ቀን ፎርም

ዓመለወርቅ የዝውውር ፎርም የሞላችው ሶዶ በገባች በዘጠነኛው ቀን ነው። ሻንጣዋን እንኳ በቅጡ አልፈታችም ነበር።

ስሟ ዓመለወርቅ ይሁን እንጂ፣ በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ዓመሏ ወርቅ መሆኑን የሚመሰክርላት ሰው ሶዶ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ከደብረ ብርሃን በሐምሌ ዝናብ መጣች። ሥራዋ በሚቲዮሮሎጂ ጣቢያ የዝናቡንና የሙቀቱን መጠን መመዝገብ ነበር። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በእማማ አሳየሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ታነባለች፤ ከሥራ ስትመለስ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች።

በግቢው የሚወራው ወላይትኛ ነው። ሰዎቹ ሲስቁ በእሷ የሚስቁ ይመስላታል። እሷን ሲያዩ ወደ አማርኛ ሲዞሩላት ደግሞ ጨዋታቸውን ያበላሸችባቸው ይመስላታል። የሰው አገር እንዲህ ነው፤ ቢያናግሩህም ይከፋሃል፣ ዝም ቢሉህም ይከፋሃል።

እናቷ ሳትደውል አትውልም።

«ተመቸሽ ወይ ልጄ?»

«ተመችቶኛል እማዬ።»

«ምን በላሽ?»

«ሽሮ።» የበላችው ዳቦ በሻይ ነበር።

እማማ አሳየሽ ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ሰብስበው የቡና ቅጠል በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ አፍልተው ይጠጣሉ። «ወርቄ፣ ና ጠጣ!» ይሏታል ከበረንዳው። በእሳቸው አማርኛ ወንድና ሴት አይለያዩም፤ ሁሉም ልጃቸው ነው። እሷ ግን ያኔ ይሄም ይቆረቁራት ነበር።

«ሥራ አለብኝ እማማ» ትላለች። ሥራ የለባትም።

ከክፍሏ ጀርባ፣ በመስኮቷና በአጥሩ መካከል፣ ቅጠሉ ሰፊ ግንዱ ወፍራም የሆነ አንድ ተክል ቆሟል። ሙዝ ነው ብላ ደመደመች። ቆጮን ምግብ ቤት ውስጥ ከክትፎ ጋር በልታ ታውቃለች፤ ቆጮ የሚወጣበትን እንሰት ግን በቁሙ አይታው አታውቅም። በኅዳር እማማ አሳየሽ የታመመች እህታቸውን ሊያስታምሙ ወደ ቦምቤ ሲነሡ «ወርቄ፣ ጓሮዬን እየው እሺ?» ብለዋት ሄዱ። ምኑን እንደምታይ አልነገሯትም። እዚያ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ይሄ አይነገረውም።

በታኅሣሥ ከተክሉ እምብርት ትልቅ ቀይ እንቡጥ ብቅ አለ። ዓመለወርቅ ደስ አላት። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ከልቧ ደስ ብሏት አያውቅም። ከሥራ ስትመለስ ውኃ ታጠጣዋለች። እንቡጡ ከብዶት ሲያዘነብል ደጋፊ እንጨት አቆመችለት። እማማ አሳየሽ ሲመለሱ የመጀመሪያውን ዘለላ ቆርጣ ልትሰጣቸው አሰበች።

በጥር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ረዘም ያለ ጠይም ወጣት በሩን አንኳኳ። ባሮክ ይባላል፤ የእማማ አሳየሽ የወንድም ልጅ ነው። አረካ ከተማ በግብርና ምርምር ማዕከሉ ውስጥ ይሠራል።

«አክስቴ ጓሮውን እይልኝ ብላ ልካኝ ነው።»

«ና፣ ላሳይህ» አለች ፊቷ በርቶ። «በደንብ ጠብቄዋለሁ። ለፋሲካ ይደርሳል አይደል?»

«ምኑ?»

«ሙዙ።»

ባሮክ እንቡጡን አየ። ደጋፊውን እንጨት አየ። ከሥሩ የረጠበውን አፈር አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፤ እሱ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ይሄ ሙዝ አይደለም። እንሰት ነው፤ በኛ ቋንቋ ኡታ ይባላል» አለ ቀስ ብሎ። «እንሰት አበባ ሊያወጣ ሲል ይቆረጣል። ካወጣ ጉልበቱን ሁሉ ለፍሬው ይሰጥና የሚበላው ሥሩ ከንቱ ይቀራል። ፍሬው ደግሞ አይበላም።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባት። ለልጇ ለህብረት ብላ ያቆየችው ነው። የካቲት ላይ ትወልዳለች። ለአራስ የሚቀቀለው ሥሩ፣ አሚቾ የምንለው፣ ከዚህ ዓይነቱ ነው የሚመረጠው።»

ዓመለወርቅ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ለእንሰቱ ብቻ አልነበረም፤ ስድስት ወር ሙሉ «ተመችቶኛል» እያለች ያጠራቀመችው እንባ ነው የወጣው። ባሮክ አይዞሽም አላለ፣ ዞርም አላለ። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«እኔ ረሳሁት እላታለሁ» አለ በመጨረሻ። «በየወሩ መምጣት የኔ ድርሻ ነበር።»

«አይሆንም። ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ይሄን ስትል ፈገግ አለ። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እንሰቱ ዞሩ፤ እዚያ የሚታይ አዲስ ነገር ግን አልነበረም።

እማማ አሳየሽ ሲመለሱ ራሷ ነገረቻቸው። ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። ሦስት ቀን ከበረንዳው «ወርቄ ና» የሚል ድምፅ አልመጣም። ስትጠራ እንቢ ያለችው የቡና ቅጠል ሳይጠሯት ሲቀሩ ናፈቃት። በአራተኛው ጠዋት ሳትጠራ ሄዳ ከሴቶቹ ዳር ተቀመጠች።

«ዛሬ ሥራ የለህም?» አሉ እማማ አሳየሽ።

«የለኝም እማማ።»

የሚፋጅ ሲኒ ሰጧት። ጠጣች፤ ሚጥሚጣው ዓይኗን አስነባው።

«ደጋፊ እንጨት አቆምክለት አሉ?» ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴቶቹ ሁሉ አብረው ሳቁ። በእሷ ነበር የሚስቁት፤ በዚህ ጊዜ እርግጠኛ ነበረች፤ እሷም ከሁሉ በላይ ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ ፍርዱ መጣ። «ለአራሷ ባሮክ ከሌላ ቦታ ያመጣል። አንተ ግን ያጠፋኸውን ትተካለህ። እሱ ችግኝ ያመጣል፣ አንተ ትቆፍራለህ።»

እንዲህ ሆኖ ባሮክ በየቅዳሜው ከአረካ በሚኒባስ ይመጣ ጀመር። አራት ችግኝ ለመትከል ስንት ቅዳሜ ይበቃል? እነሱ ሦስት ወር ፈጀባቸው።

«ይሄ ስንት ዓመት ይፈልጋል?» አለችው አንድ ቀን ጭቃ እጇን እየጠረገች።

«ስድስት። ሰባትም ሊሆን ይችላል። በዓመቱ ግን ከዚህ ይነሣና ሰፋ ወዳለ ቦታ ይተከላል። እንደዚያ ካልተደረገ አይወፍርም።»

ስድስት ዓመት። ያ ፎርም ትዝ አላት። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ባሮክ የችግኙን ሥር በአፈር እያለበሰ ነበር፤ ጣቶቹ ቀስ የሚሉ ናቸው። አፏን መልሳ ዘጋች። ወረቀቱ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ጠፍቶ ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች።

ክረምት ሲገባ ስልኩ ተጀመረ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ይደውላል።

«ዛሬ ስንት ዘነበ?»

«አሥራ አንድ ነጥብ አራት ሚሊሜትር።»

«እዚህ አረካ ይበልጣል።»

«በምን ለካኸው?»

«በጫማዬ።»

መስከረም አለቀ፣ ጥቅምት አለቀ፣ ሰማዩ ጠራ። ስልኩ ግን አልቀረም።

«ዛሬ ስንት ዘነበ?»

«ምንም። ኅዳር እኮ ነው ባሮክ። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

ማንኛቸውም ስልኩን አልዘጉም።

«ዓመለ፣ የምደውለው ለዝናቡ አይደለም።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች። ወደደችው፤ ለራሷም ከዚያ ወዲያ አልደበቀችውም።

የመንግሥት ወረቀት ቢዘገይም አይቀርም። በጥር መጨረሻ መጣ። ያን ጠዋት ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ መለኪያው ወጥታ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጠራ። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ኃይለመስቀል ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋታቸው ስልክ ማንሣት መውደዳቸው ብቻ ነው።

«ባሮክ ነህ? እንኳን ደስ አለሽ በላት! የጠየቀችው ዝውውር ተፈቀደ፤ ደብዳቤው አሁን መጣ። በአሥር ቀን ውስጥ ደብረ ብርሃን ሪፖርት ታደርጋለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኳ ዝም አለ። እሷ ስትደውል «ሥራ አለብኝ» ይላታል። ይህቺን ቃል ዓመለወርቅ ታውቃታለች። እሷም በሯን ዘግታ ስትቀመጥ የምትላት ናት።

ደብዳቤውን ትራሷ ሥር አድርጋ ቀናቱን ቆጠረች። ብትፈርም እናቷ ጎን ትገባለች፤ ብቻዋን የቀረች እናት ናት። ባትፈርም ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ዳግም መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። ደግሞስ ለማን ብላ ትቀራለች? አትሂጂ ያላት የለም። በሰባተኛው ቀን ወደ እናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ዝውውሩ መጥቷል።»

«ተመስገን! መቼ ትመጫለሽ?»

ዓመለወርቅ ወደ በሩ ዞረች። ከበረንዳው የእማማ አሳየሽ ሳቅ ይሰማል። «እማዬ… እዚህ ተመችቶኛል» አለች።



«አሁን ነው የተመቸሽ» አለች እናቷ። «ያን ጊዜ ተመችቶኛል ስትዪኝ ድምፅሽ ያስታውቅብሽ ነበር። ስልኩን ዘግቼ አለቅስ ነበር። ያሁኑ ግን እውነት ነው።» ቀጥላም «ማን ነው?» አለች።

«ማን ማን ነው?»

«አታድክሚኝ ልጄ።»

ነገረቻት። እየነገረቻት አለቀሰች፤ እንደተቀየማትም ነገረቻት።

«ከተቀየመ ወዶሻል ማለት ነው። እኔ ብቻዬን መሆን ለምጃለሁ፤ ለኔ ብለሽ አትምጪ። እሱ ግን የሚፈልግሽ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ። በስልክ ልጅ አልሰጥም።»

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ዓመለወርቅ ደብዳቤውን ይዛ አቶ ኃይለመስቀል ቢሮ ገባች፤ ስትወጣ ልቧ አርፎ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በመስኮቷ በኩል የዶማ ድምፅ ሰማች። ብቅ ስትል ባሮክ ነው። ባለፈው ዓመት የተከሏቸውን እንሰቶች አንድ በአንድ እየነቀለ ነው። ደሟ ፈላ። በነጠላ ጫማ ሮጣ ወጣች።

«እንዲህ ነው እንዴ? ከተቀየምክ እኔን ተቀየም፤ እነሱ ምን አደረጉህ?»

ባሮክ ዶማውን ተደግፎ ቀና አለ። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር።

«ዓመታቸው ነው» አለ። «አሁን ካልተነሡ አይወፍሩም። አንቺ ብትሄጂም መነሣት አለባቸው።»

ዓመለወርቅ አፈረች። እሱ ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።

«ከእኔ ጋር ስትተክዪ መሄጃሽን ጠይቀሽ ነበር» አለ ወደ መሬቱ። «ዓመት ሙሉ።»

«ፎርሙን የሞላሁበትን ቀን ታውቃለህ? ሶዶ በገባሁ በዘጠነኛው ቀን ነው የሞላሁት። እንሰትን ከሙዝ በማልለይበት ጊዜ፣ አንተን በማላውቅበት ጊዜ።»

«ስታውቂኝስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ። ብነግርህ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣትህን ትተዋለህ ብዬ። አጥፍቻለሁ ባሮክ።»

ዶማው ቆመ።

«ትናንት መለስኩት» አለች።

«ምኑን?»

«ደብዳቤውን። ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጥ ብዬ ፈረምኩ።»

«ለኔ ብለሽ?»

«ላንተ ብቻ አይምሰልህ። አንተ ብትተወኝም የእማማ አሳየሽ ዕዳ አለብኝ፤ ሌላ ስድስት ዓመት እዚሁ ነኝ። ላንተ ግን… ላንተም ብዬ ነው።»

ባሮክ ዶማውን ጣለው። ጭቃ የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እጇን ያዘ። ጭቃው አልለቀቀም ነበር፤ እሷም አልተሳቀቀችም። እንደዚያው ቆሙ፤ ከበረንዳው «ኡታው ፀሐይ ሊመታው ነው፣ ቶሎ ትከሉት!» እስኪባሉ ድረስ። እማማ አሳየሽ ሁሉንም ያዩ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎች ወደ ደብረ ብርሃን ወጡ። የባሮክ አባት አቶ ጩማ መሪ ሆኑ። አቶ ኃይለመስቀል «የኔም ጥፋት አለበት» ብለው ሳይጠሩ ተጨመሩ። እማማ አሳየሽ ቅቤና አንድ ችግኝ ላኩ። ችግኙን አቶ ጩማ መንገዱን ሁሉ እንደ ሕፃን ታቅፈው ሄዱ። የዓመለወርቅ እናት ሁለት ጊዜ መለሰቻቸው፤ ለወጉ ነው። በሦስተኛው እሺ አለች።

በሰኔ፣ ሰማዩ በተቀደደ አንድ ጠዋት፣ ዓመለወርቅ መለኪያውን አንብባ ስትመለስ ስልኳ ጠራ። ሦስት ሰዓት ነበር። ባሮክ ነው ብላ «ሃያ ሁለት ነጥብ ስድስት» እያለች አነሣችው።

«ምኑ ነው ሃያ ሁለት?» አለች እናቷ።

«ምንም እማዬ። ደህና አደርሽ?»

«ደህና ነኝ። ያ ሽማግሌዎቹ ያመጡት ተክል ብርዳችንን ችሎ ለመለመልኝ። ብርድ እንዳይመታው ግድግዳው ሥር ነው የተከልኩት፤ ውኃም አጠጣዋለሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ የምልሽ፣ ሙዙን መቼ ነው የሚያፈራው?»

ዓመለወርቅ በሳቅ ጠረጴዛውን ተደገፈች። አቶ ኃይለመስቀል ከወረቀታቸው ቀና አሉ።

«ስድስት ዓመት ጠብቂ እማዬ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ያን ጊዜ ከልጆቻችን ጋር መጥተን እንቆርጠዋለን። ድንገት አበባ ሊያወጣ ካየሽው ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪልኝ።»