የተንጋደደችው ፎቶ

ፓክ ዳርሞኖ፣ ሰፈሩ «ጋሼ» እንደማለት «ፓክ» የሚላቸው አዛውንት፣ ሞተው የተገኙት በገዛ ጓሯቸው፣ ከጃክፍሩቱ ዛፍ ሥር፣ ማጅራታቸውን የውሃ ጉድጓዱን የድንጋይ አፍ አንተርሰው ነበር። ዓይናቸው አልተከደነም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያን ጓሮ በየማለዳው ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ነበሩና፣ ሞትም ያገኛቸው አንድ ነገር ትኩር ብለው እያዩ ይመስል ነበር።

ኢንስፔክተር ፓሉፒ ከሳላቲጋ ከተማ በሞተር ብስክሌቷ ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። የአጥር ጎረቤቱ ካስዲ፣ ወፍ አጥማጁ፣ የፊጥኝ ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ከሬሳው በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ የእርሱ የማጥመጃ ሙጫ የተቀባ ቀጭን ዘንግ ተገኝቷል። ከአጥሩ ውጭ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ተኮልኩለዋል፤ ሰውዬው ከነነፍሱ ፖሊስ ጣቢያ መድረሱ ያጠራጥር ነበር።

«ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩት» አለች ዌኒንግ፣ የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ። ዓይኗ ደርቋል፤ ለቅሶው ገና ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ መንገድ አላገኘም። «አባባ ወፎቹን ሲያነሱ እሱ ሲያጠምድ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲነታረኩ ኖሩ። ጀናዛው ሳይታጠብ ይኼን ሰው ከፊቴ ያንሱልኝ።»

«ነጋ ጠባ ተነታርከናል!» ሲል ካስዲ ጮኸ። «ሻዩንስ ከማን ጋር ይጠጡ ነበር? ከወፎቹ ጋር?»

ፓሉፒ አላነሳችውም። የጤና ጣቢያውን ሐኪም ወደ ጥግ ወስዳ አነጋገረችው። ገዳዩ ቁስል ድንጋዩ ያደረሰው ነው፤ አንገታቸው ላይ ግን በኃይል የተጎተተ ማንገቻ የተወው ቀይ መስመር አለ። ካሜራቸው አልተገኘም።

«ጉድጓዱን ፈትሹ» ብላ አዘዘች።

ፖሊሶቹ ገመድ ሲያወርዱ፣ የመጀመሪያዋ ተጠያቂ ወዲያ ማዶ ነዋሪ የሆነችው አሮጊት፣ «እትዬ» እንደማለት «ቡ» የሚሏት ቡ ሩሚ ሆነች።

«እኔና ዌኒንግ አብረን ነው ገበያ የወረድነው፣ የኔ ልጅ። ፀሐይ ወጥታለች። ፓክ ዳርሞኖ ካሜራቸውን አንግተው ‹ቡ ሩሚ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሚ ነው?› አሉኝ። ‹እርስዎን ነዋ!› አልኳቸው።» በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች። «ስንብቴ ይኸው ነው። ይታይሽ እስቲ።»

«ፎቶዎቹን ለማን ያሳዩ ነበር?»

«ለሰፈሩ ሁሉ! በስልክ ግሩፓችን በየቀኑ አንድ ይልኩልን ነበር። ወፍ፣ ቢራቢሮ፣ እንሽላሊት። ሰሞኑን ግን አበባ ብቻ ሆነ። ‹ወፎቹ አኩርፈውዎት ነው?› ብላቸው ዝም አሉኝ።»

ወንድ ልጃቸው ጋሊህ የሚኖረው በፊት ለፊቱ ክፍል፣ በወፍ ቀፎዎች መካከል ነው። የወፍ ዘፈን ውድድር ያሸነፈባቸው ዋንጫዎች ግድግዳውን ሞልተውታል። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፤ ፓሉፒ ልቅሶው እውነተኛ መሆኑን አልተጠራጠረችም።

«ተኝቼ ነበር፣ ቡ። የጎረቤቶቹ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ከዚያ በፊት ጓሮ አልወጣህም?»

«በወጥ ቤቱ በር ዛሬ እግሬ አልወጣም፤ ሰው ‹ድረሱ› እስኪል ድረስ።»

ጨርቅ ከተሸፈነ አንድ ቀፎ ውስጥ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ሲርሲርታ ይሰማል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የወፍ ቤት አይደል፣ ቡ? ወፍ ነዋ።» ሊስቅ ሞከረ። እርስዋ አልሳቀችም።

ካስዲ በበኩሉ ከመጠየቁ በፊት ቀደማት። «ሙጫው የኔ ነው፤ አልክድም። ቆርቆሮው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ያሻው ያነሳዋል። ግን ይንገሩኝ፣ ቡ፣ ከጎጆ አፍ ፊት ሙጫ የሚሰቅለው የትኛው ቂል ነው? እኔ ያደገውን ነው የማጠምደው። አባቱን ሳይሰማ የተወሰደ ጫጩት ምን ብሎ ይዘፍናል?»

«መቼ ነው ሙጫ የምትሰቅለው?»

«ሳይነጋ። ጎህ ሲቀድ የሚርመሰመሰው ትንኝ ወዲያው ያጠቁረዋል፤ ወፉም የሚወርደው ያኔ ነው።»

ፓሉፒ የቀርከሃውን መሰላል አስደግፋ ወጣች። ግንዱ ውስጥ ያለው የካቸር ጎጆ፣ የዚያ ጥቁርና ነጭ ዘማሪ ወፍ ቤት፣ ባዶ ነው፤ እናቲቱ በላይዋ ትዞራለች። ዘንጉ ላይ ያለው ሙጫ ደግሞ እንደ ማር ጠርቷል። አንዲት ትንኝ እንኳ አልያዘም።

ስትወርድ ካሜራው ከጉድጓዱ ወጥቶ ጠበቃት። ሚሞሪ ካርዱን አድርቀው ከፈቱት። ከመጨረሻዋ በፊት ያለችው ፎቶ ጎጆውን ታሳያለች፤ ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተዋል። የመጨረሻዋ ግን መሬት ናት፦ የተንጋደደች፣ ጠርዟ የደበዘዘ፣ ሲነኩት ቅጠሉን የሚያጥፈው፣ እዚያ አገር «አይናፋሯ ልዕልት» የሚሉት ተክል ብቻ። ፓሉፒ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ጓሮው ወጥታ ተክሉን በጣቷ ነካችው፤ ቅጠሉ ሲታጠፍ፣ ቆይቶም ሲዘረጋ ቆማ ተመለከተች። በመጨረሻም የሟቹን ስልክ አስመጣች።

ሁሉም ከበረንዳው ተሰበሰቡ።

«ፓክ ካስዲን ፍቱልኝ» ስትል ጀመረች።

«ምን ሲባል!» ብላ ዌኒንግ ተነሳች።

«ተቀመጪ፣ ምባክ ዌኒንግ። ሙጫው የተሰቀለው ሳይነጋ ቢሆን ኖሮ በትንኝ ይጠቁር ነበር። የተሰቀለው አባትሽ ከወደቁ በኋላ፣ ጣት ወደ ጎረቤት እንዲጠቆም ነው። ይህችን ፎቶ ተመልከቺ። ቅጠሉ በአጥሩ በኩል እንደተዘረጋ ነው። አባትሽ በቆሙበት ዙሪያም እንደተዘረጋ ነው፤ ቆመው ብዙ ጠብቀዋልና። የታጠፈው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ መስመሩ ከወጥ ቤቱ ደረጃ ተነስቶ ዛፉ ሥር ይደርሳል። ይህ ተክል ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይዘረጋል። እንግዲያው ፎቶዋ ስትነሳ አንድ ሰው ከቤት ወጥቶ በዚያ መንገድ ካለፈ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አልሞላውም ነበር። አንቺ ከቡ ሩሚ ጋር ገበያ ነበርሽ።»

ማንም ወደ ጋሊህ ለመዞር የደፈረ አልነበረም። ከፊት ለፊቱ ክፍል ያ ሲርሲርታ መጣ።

«ያደገ ወፍ እንዲህ አይጮህም» አለች ፓሉፒ። «ይህ የተራበ ጫጩት ነው። ሦስት ናቸው። ልቁጠራቸው፣ ማስ ጋሊህ?»

ጋሊህ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

«አባትህ ወፍ ባሳዩ ቁጥር ጎጆ ይራቆት ነበር። ሰፈሩን ለማስደሰት የሚልኩት ፎቶ ለሌባ መንገድ መሪ መሆኑ ሲገባቸው አበባ ብቻ መላክ ጀመሩ። ትናንት ግን አንድ የጎጆ ፎቶ ላኩ። ለግሩፑ አይደለም። ለአንተ ብቻ።»

«ሊያጠምዱኝ!» ብሎ ጋሊህ ጮኸ። «የገዛ አባቴ! ውድድር ሜዳ ላይ ስሜን የሚጠሩት በወፎቼ ነው፤ ያለ እነሱ ማን ነኝ? ጫጩቶቹን በጉያዬ ሸሽጌ ከዛፉ ዞር ስል ካሜራቸውን ወደኔ አዙረው ቆመዋል። ‹ለሰፈሩ ሊልኩት ነው› ብዬ ማንገቻውን ጎተትኩት። ተበጠሰ። ሲወድቁ እስትንፋስ ነበራቸው፤ ያዩኝ ነበር። እኔ... እኔ ካሜራውን ጉድጓድ ከትቼ ወደ ሙጫው ሮጥኩ።»

ቡ ሩሚ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አነባች።

ፓሉፒ ፎቶዋን ከፊቱ አስቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ፊትህ የታለ?»

አላገኘውም።

«የአባትህን ፎቶዎች ሁሉ አይቻለሁ። አንዲትም የተንጋደደች የለችም። ይህችን ሲያነሱ ዓይናቸው ካሜራው ላይ አልነበረም። አንተን ሲያዩ ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አደረጉ፤ ጣታቸው ከመጫኛው ላይ ሳይነሳ። ሊያጋልጡህ የፈለጉ ሰው ፊትህን ባነሱ ነበር። እኔ እንደምገምተው፣ እዚያ የቆሙት ማንም እንዳይመጣ ተስፋ አድርገው ነው። ‹ልጄ አይደለም› ብለው ወደ ቤት ሊገቡ።»

ጋሊህ በጉልበቱ ወደቀ።

ከአጥሩ ውጭ ጎረምሶቹ ዱላቸውን አንድ በአንድ እያስቀመጡ ተበታተኑ። የጀናዛ ማጠቢያው ውሃ ቀርቧል፤ የአገሩ ልማድ አባትን ልጅ እንዲያጥብ ነው። ጋሊህ እጁ በካቴና እንደታሰረ ቀና አለ።

«ምባክ... እህቴ፣ ከመሄዴ በፊት ልጠባቸው።»

ዌኒንግ ወንድሟን አየችው። ከዚያ ፊቷን መለሰችና፣ የገመድ ሰንበር የወጣበትን እጁን እያሻሸ ወደ ቤቱ ሊሄድ ከተነሳው ካስዲ ፊት ሄዳ ቆመች። ራስዋን ዝቅ አደረገች።

«ፓክ ካስዲ... አባቴን ያጥቡልኛል?»

ሰውዬው አንድ ጊዜ እርስዋን፣ አንድ ጊዜ ወለሉ ላይ የተንበረከከውን ልጅ አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።

«እሱስ?» አለ።

«እሱ ውሃውን ይያዝ። እጁ ግን አይንካቸው።»

ፓሉፒ ካቴናውን ፈታች። ጋሊህ ማንቆርቆሪያውን አነሳ፤ ሲያጋድለው ውሃው በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ወለሉ ላይ ተረጨ።

«ቀስ» አለው ካስዲ። «ቀስ ብለህ አፍስስ።»