የጥፍር ቀለም የተቀባችው መኪና

«ይህቺ መኪና ተገልብጣ ታውቃለች» አሉ አቶ ሰይፈዲን፣ የኋላውን በር በጣታቸው እያንኳኩ።

ትሁት እጇን ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተች።

አቶ ሰይፈዲን ከቴፒ ተነስተው አማን ድረስ የመጡት የአባቷን አሮጌ ነጭ ስቴሽን መኪና ሊገዙ ነው። ከወር ወዲህ የመጣ ገዢ እሳቸው ብቻ ናቸው። መኪናዋ ካልተሸጠች ደግሞ የእናቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና ይቀራል፤ ጅማ ቀጠሮ ተይዟል።

«ኧረ በጭራሽ» አለ አባቷ ጥበቡ። «አንድ ቀንም ገደል አልገባችም። ቀለሟም የፋብሪካ ነው፤ የሰው እጅ አልነካውም። ማርያምን።»

ጥበቡ እንዲህ በቀላሉ የሚምል ሰው አይደለም። ከሚዛን እስከ ጌጫ፣ ጥበቡ ካለ አለቀ ነው የሚባለው።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው ወንድሜ?» በሩ ላይ ከሌላው ይልቅ የነጣ፣ የሚያብለጨልጭ መስመር ነበር። «ቅብ ነገር ያስፈራኛል። ልጆቼን ነው የምጭንባት።»

ምን መሰላችሁ? የጥፍር ቀለም! ትሁት ከጓደኛዋ ከመክሊት ተውሳ፣ አባቷ ትናንት ገበያ ሲወጣ ጠብቃ፣ ጭረቱን ሁሉ አንድ በአንድ ቀብታዋለች። ስትጨርስማ ኮርታ ነበር። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ማለት ይሄኔ ነው።

ጥበቡ መስመሩን ትክ ብሎ አየው። «እኔ እንጃ፣ ይሄን አላውቀውም» አለ፣ ድምፁ አንሶ። አቶ ሰይፈዲን የያዙትን የመኪናዋን ቁልፍ መለሱለት። አባቷ እውነቱን ተናግሮ እንደ ውሸታም ታየ።

ብትናገር በሰው ፊት ምን ይላት ይሆን? ዝም ብትልስ? ሰውየው ቴፒ ገብተው «ጥበቡ በማርያም ምሎ ዋሸኝ» ማለታቸው አይቀርም።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ» አለች። ጎንበስ ብላ መስመሩን በጥፍሯ ፋቀችው። ነጩ ተልጦ ሲረግፍ፣ ከሥሩ የቡና ቅርንጫፍ የጫረው የድሮው ጭረት ወጣ። «እኔ ነኝ የቀባሁት። የጥፍር ቀለም ነው። አባዬ አያውቅም።»

አባቷ አልተቆጣም። አቶ ሰይፈዲን ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄማ ምንም አይደል» አሉ። «የእኔ ልጆችም ይጨምሩበታል። ሌላውስ?»

«ሁሉንም አሳይዎታለሁ» አለች ትሁት፣ ወደሚቀጥለው መስመር እየተሻገረች።

ጥበቡ ቁልፉን ለሰውየው መልሶ ሰጣቸው። ከዚያ ልጁ አጠገብ ቁጢጥ አለና በራሱ ጥፍር ይፍቅ ጀመር።